ወረቀት ወይስ ስክሪን? በኪሎና በሰዓት ሲመዘን

ብዙ ኢሜይሎች ግርጌያቸው ላይ «ዛፍ ለማዳን ይህን ባያትሙት» የሚል መስመር ይዘው ይመጣሉ። ሐሳቡ ቅን ነው፤ የሚያስረሳን ነገር ግን አለ። ወረቀት ይታያል፣ ይዳሰሳል፣ ይከመራል፤ ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ የእሱ ይመስላል። ስልክና ላፕቶፕ ሲሠሩ የተቆፈረው ማዕድንና የተቃጠለው ከሰል ግን መሣሪያው እጃችን ከመግባቱ በፊት ስላለቀ አናየውም። በዚህ የተነሳ «ዲጂታል ንጹህ ነው፣ ወረቀት ደን ጨራሽ ነው» የሚለው አባባል ሳይመረመር ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል። ሲመረመር መልሱ እንደ ጽሑፉ ዓይነት፣ እንደ መሣሪያውና እንደ አንባቢው ብዛት ይገለባበጣል።

ሁለቱን ማወዳደር የሚያስቸግረው አቆጣጠራቸው ስለሚለያይ ነው። የወረቀት ጫና የሚቆጠረው በቅጂ ነው፤ አንድ ተጨማሪ መጽሐፍ በታተመ ቁጥር ሌላ ወረቀት፣ ሌላ ቀለም፣ ሌላ ጭነት ይመጣል። የዲጂታል ጫና ግን በአብዛኛው ያለው ፋይሉ ውስጥ ሳይሆን ማንበቢያው መሣሪያ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ መሣሪያው በሚያገለግልበት ሰዓት ተካፍሎ መቆጠር አለበት። እዚህ የምጠቀምበት መለኪያ ሙቀት አማቂ ጋዝ ነው፤ ሚቴንና ሌሎቹም ጋዞች ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ተመንዝረው ማለት ነው። ለማሳጠር «ካርቦን» እለዋለሁ። ውሃ፣ ደንና መርዛማ ኬሚካል በካርቦን ኪሎ ስለማይገለጹ በየቦታቸው አነሳቸዋለሁ።

መጽሐፉን ሚዛን ላይ እናውጣው

በኤ5 መጠን የታተመ ባለ 320 ገጽ መጽሐፍ እንውሰድ። 320 ገጽ 160 ቅጠል ነው። አንዱ ቅጠል 14.8 በ21 ሳንቲ ሜትር ነው። «80 ግራም» የሚባለው ወረቀት በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝነው ስለሆነ አንዱ ቅጠል 2.5 ግራም ያህል ይሆናል። ቅጠሎቹ በድምሩ 398 ግራም፣ በ250 ግራም ወረቀት የተሠራው ሽፋን 16 ግራም፣ ጠቅላላው 415 ግራም ገደማ።

አንድ ኪሎ የማተሚያ ወረቀት ሲመረት በግምት 1 ኪሎ ካርቦን ይወጣል። በእንጨት ተረፈ ምርት የሚሠራ ፋብሪካ ግማሹን ወይም ከዚያ ያነሰ፣ በከሰል የሚሠራ ደግሞ እጥፉን ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ወረቀት ብቻውን 400 ግራም ካርቦን ያህል ነው። ተከርክሞ የወደቀው ወረቀት፣ ኅትመቱ፣ ጥረዛውና ማጓጓዣው ሲጨመር በጥንቃቄ ለተሠራ መጽሐፍ 1 ኪሎ የሚለው ግምት ያስኬዳል። ከደን የሚጠፋውን ካርቦን ጭምር የሚቆጥሩ ስሌቶች ግን እስከ 4 ኪሎ ያደርሱታል። ከዚህ በኋላ 1 ኪሎን ይዤ እሄዳለሁ፤ አንባቢ በራሱ ቁጥር ሊተካው ይችላል።

በፋብሪካዎቹ መካከል ይህን ያህል ልዩነት የሚፈጥረው ምንድን ነው? ነገሩ ወዲህ ነው። ለመጽሐፍ የሚሆነው ነጭ ወረቀት በብዛት የሚሠራው ክራፍት በሚባለው ዘዴ ነው። የተፈለጠ እንጨት በኮስቲክ ሶዳና በሶዲየም ሰልፋይድ ውስጥ 170 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይቀቀላል። ጭረቱን፣ ማለትም የእንጨቱን ቃጫ፣ እርስ በርስ አጣብቆ የያዘው ሊግኒን ይሟሟና ከእንጨቱ ግማሽ ያህሉ ብቻ ፐልፕ (ወረቀት የሚሠራበት የእንጨት ሊጥ) ሆኖ ይቀራል። ሌላው ግማሽ ጥቁር ፈሳሽ ሆኖ ይወጣል። ይህ ፈሳሽ ቆሻሻ አይደለም፤ በልዩ ቦይለር ተቃጥሎ እንፋሎትና ኤሌክትሪክ ይሰጣል፣ የማብሰያው ኬሚካልም ከአመዱ ተመልሶ ይገኛል። ስለዚህ በደንብ የተደራጀ የክራፍት ፋብሪካ ኃይሉን በአብዛኛው ከራሱ ያገኛል።

ቀጥሎ የወረቀት ማሽኑ አለ፤ ትልቁ ኃይል የሚበላውም እዚህ ነው። ፐልፑ ወደ ማሽኑ ሲገባ 99 ከመቶ ያህሉ ውሃ ነው። በወንፊቱ ላይ ሲያልፍ አብዛኛው ይንጠፈጠፋል፣ በመጭመቂያ ሲያልፍ ደግሞ ግማሽ በግማሽ ይሆናል። የቀረው ውሃ በእንፋሎት በጋሉ ትላልቅ ሲሊንደሮች ላይ መትነን አለበት። ፐልፕ ማብሰያው አጠገቡ ያለ ማሽን ይህን እንፋሎት ከጥቁሩ ፈሳሽ ያገኛል። ፐልፕ ገዝቶ የሚሠራ ፋብሪካ ግን የደረቀ ፐልፕ ያስመጣል፣ እንደገና በውሃ ይበጠብጠዋል፣ እንደገና ያደርቀዋል፤ ለማድረቂያውም ጋዝ ወይም ከሰል ያነዳል። ሁለት ወረቀቶች በእጅ ሲዳሰሱ አንድ ዓይነት ሆነው በካርቦን ሦስት አራት እጥፍ የሚለያዩት በዚህ ምክንያት ነው።

መልሶ ስለተመረተ ወረቀትም ግልጽ ላድርግ። አሮጌ ወረቀት በውሃ ይበጠበጣል፣ በሳሙናና በአየር አረፋ ቀለሙ ተንሳፍፎ ይገፈፋል፣ ከዚያ እንደ አዲስ ይሠራል። እንጨት ይቆጥባል፣ ውሃም ጠቅላላ ኃይልም ይቀንሳል። ነገር ግን ጥቁር ፈሳሽ ስለሌለው ኃይሉን ከውጭ ይገዛል። የሚገዛው ኤሌክትሪክ ከከሰል ከሆነ በእንጨት ኃይል ከሚሠራ አዲስ ወረቀት የበለጠ ካርቦን ሊያወጣ ይችላል። በተጨማሪ ጭረት በየዙሩ እያጠረ ስለሚሄድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ከዞረ በኋላ ወረቀት መሆን ያቅተዋል፤ አዲስ እንጨት ከሥርዓቱ ጨርሶ ሊጠፋ አይችልም። ከዚህ የምደርስበት ሽፋኑ ላይ ካለው የመልሶ ምርት ምልክት ይልቅ የፋብሪካው ነዳጅ ብዙ ይናገራል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ኤፍኤስሲ የተባለው የደን አያያዝ ማረጋገጫም የሚናገረው ስለ ደኑ ነው፤ ስለ ፋብሪካው ነዳጅ አይናገርም። ስለዚህ ወረቀት አቅራቢውን ሁለት ነገር ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል፦ እንጨቱ ከየት እንደመጣ፣ እና በአንድ ቶን ወረቀት ስንት ኪሎ ካርቦን እንደሚወጣ። ለሁለተኛው ጥያቄ በቁጥር የሚመልስ አቅራቢ ቢያንስ ለክቶ ያውቃል።

ስለ ንጣቱም አንድ ጥያቄ አለ፦ በምን ነው የነጣው? ድሮ ፐልፕ በክሎሪን ጋዝ ይነጣ ነበር፤ ከዚያ የሚወጣው ፍሳሽ ዳይኦክሲንን የመሰሉ ለዘመናት የማይበሰብሱ መርዞችን ወንዝ ውስጥ ይጥል ነበር። ዛሬ አብዛኛው ፋብሪካ ወደ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ዞሯል፤ ጥቂቶች በኦክስጅን፣ በኦዞንና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ብቻ ያነጣሉ። ለንባብ እጅግ የነጣ ወረቀት አያስፈልግም። ክሬም መልክ ያለው ለዓይንም ይስማማል።

ማተሚያ ቤት ውስጥ የሚባክነው

አሳታሚ በገዛ እጁ ሊያስተካክለው የሚችለው ትልቁ ብክነት ያለው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው የመጽሐፉ መጠን ነው። 70 በ100 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሉህ ላይ 16 በ24 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገጽ በአንድ ፊት 16 ይወጣል፤ የሉሁ 88 ከመቶ መጽሐፍ ይሆናል። ንድፍ አውጪው «ትንሽ ሰፋ ይበል» ብሎ 18 በ24 ቢያደርገው በአንድ ፊት 12 ብቻ ይገባል፣ ጥቅም ላይ የሚውለው ወደ 74 ከመቶ ይወርዳል። የሁለት ሳንቲ ሜትር ምርጫ ከየሉሁ ተጨማሪ 14 ከመቶ መሬት ላይ ይጥላል። መጠኑ ከመወሰኑ በፊት ማተሚያ ቤቱ የሚጠቀምበትን የሉህ ልክ መጠየቅ ነው፤ ማሽኑ ሉሁን የሚነክስበት 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠርዝና በየገጹ ዙሪያ 3 ሚሊ ሜትር የመከርከሚያ ቦታ መተውም አይረሳ።

የገጽ ብዛትም እንዲሁ ነው። ሉህ ታጥፎ የሚጠረዘው በ16 ወይም በ32 ገጽ ስለሆነ 320 ገጽ ልክ ይመጣል፤ 324 ገጽ ግን ለ4 ገጽ ሲባል ተጨማሪ ሉህ፣ ተጨማሪ ፕሌት (የገጹ ምስል ያለበት የማተሚያ ሰሌዳ) እና ተጨማሪ ማስተካከያ ይጠይቃል። የመስመር ክፍተቱን በትንሹ ማጥበብ ወይም ምዕራፎችን ከቀኝ ገጽ የማስጀመር ልማድን መተው አራቱን ገጽ ያስቀራል።

በፕሌት በሚታተምበት በኦፍሴት ዘዴ ደግሞ ማስተካከያው አለ። ቀለሙና ውሃው እስኪመጣጠኑ፣ የፊትና የኋላ ገጹ እስኪገጣጠም ድረስ የሚጣል ሉህ አለ፤ እንደ ማሽኑ ቢለያይም ለእያንዳንዱ የሉህ ዓይነት 200 ሉህ እንበል። የኛ መጽሐፍ 32 ገጽ የሚይዙ 10 ሉሆች አሉት፤ ስለዚህ መጽሐፉ ገና ሳይጀመር 2,000 ሉህ ይጣላል። 3,000 ቅጂ ከታተመ ለመጽሐፉ 30,000 ሉህ ስለሚገባ ብክነቱ ከጠቅላላው 6 ከመቶ ነው። 300 ቅጂ ብቻ ከታተመ ግን 3,000 ሉህ ለማተም 2,000 ሉህ ይጣላል፤ ይህ ከጠቅላላው 40 ከመቶ ነው። ፕሌቱም አለ፤ ለዚህ መጽሐፍ በአንድ ቀለም 20 ፕሌት ያስፈልጋል። አንዱ 0.3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ሉህ ሲሆን ከግማሽ ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ሃያው 13 ኪሎ ያህል ይሆናል። አሉሚኒየምን መልሶ ማቅለጥ ከማዕድኑ ከማውጣት 95 ከመቶ ያህል ኃይል ስለሚቆጥብ ማተሚያ ቤቱ ያገለገለ ፕሌት ለቀላጭ መስጠቱን ማረጋገጥ ይገባል።

ለትንሽ ቁጥር የዲጂታል ማተሚያ ማሽን ይሻላል። ለአንድ ገጽ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ይበዛል፣ ቶነሩን (የቀለም ዱቄቱን) በሙቀት ወረቀቱ ላይ ማቅለጥ አለበትና፤ ነገር ግን ፕሌት የለውም፣ ለማስተካከያ የሚጥለውም ጥቂት ሉህ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የታዘዘውን ያህል ብቻ ማተም ያስችላል። 1,000 ቅጂ ታትሞ 600 ከተሸጠ የእያንዳንዱ የተነበበ መጽሐፍ ካርቦን ከ1 ኪሎ ወደ 1.67 ይወጣል። መጋዘን ውስጥ አቧራ የሚጠጣ መጽሐፍን ያህል ጉዳቱ የከፋ ወረቀት የለም፤ እንጨቱም ውሃውም ነዳጁም ወጥቶ ማንም አላነበበውም። ስለዚህ መጀመሪያ በትንሹ አትሞ በፍላጎት ልክ መድገም ለአካባቢ ሲታሰብ ከማንኛውም የወረቀት ምርጫ ይበልጣል።

በወረቀቱ ውፍረት ላይ ከ80 ወደ 60 ግራም መውረድ ከመጽሐፋችን 100 ግራም ያህል ወረቀት ይቀንሳል። የሚገጥመው ችግር የኋላው ጽሑፍ ወደ ፊት ማሳየቱ ነው፤ ይህ የሚለካው «ኦፓሲቲ» በሚባለው ቁጥር ነው፣ ለንባብ ከ90 ከመቶ ባይወርድ ይመረጣል። ከማዘዝ በፊት ናሙናውን ወፍራም ጽሑፍ ባለው ገጽ ላይ ጭኖ ማየት ይበቃል።

ማጓጓዣው ብዙ ሰው የማያስበውን ቁጥር ይዟል። 400 ግራም መጽሐፍ 8,000 ኪሎ ሜትር በመርከብ ቢሄድ 50 ግራም ገደማ ካርቦን ነው። በአውሮፕላን ቢሄድ ከ1.5 ኪሎ ይበልጣል፤ መጽሐፉን ከመሥራት በላይ ማለት ነው። አንባቢ በቤንዚን መኪና ለአንድ መጽሐፍ ብቻ 10 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ቢነዳም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው።

ስክሪኑ ተራው ደርሷል

አንድ ስማርት ስልክ በዕድሜው በሙሉ ከሚያስከትለው ካርቦን 80 ከመቶ ያህሉ የሚወጣው ገና ሲመረት ነው። ቺፕ ለመሥራት እጅግ የተጣራ ውሃ፣ ብዙ ኤሌክትሪክና ጠንካራ ሙቀት አማቂ የሆኑ የፍሎሪን ጋዞች ያስፈልጋሉ፤ ባትሪው ሊቲየምና ኮባልት፣ ስክሪኑ ኢንዲየም፣ ሰርኪዩቱ ወርቅና ታንታለም ይፈልጋል። አምራቾች በሚያወጧቸው ሪፖርቶች የአንድ ስልክ ድምር ከ50 እስከ 80 ኪሎ ካርቦን አካባቢ ይመጣል፤ ላፕቶፕ ከ200 እስከ 400 ኪሎ።

ይህን በሰዓት እናካፍለው። 65 ኪሎ የሆነ ስልክ 3 ዓመት በቀን 4 ሰዓት ቢያገለግል 4,380 ሰዓት ነው፤ በሰዓት 15 ግራም ይደርሰዋል። መጽሐፋችን ለማንበብ 6 ሰዓት ከፈጀ 89 ግራም። ለዚያው ንባብ ስልኩ 9 ዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ይፈጃል፤ የቻርጀሩን ብክነት ጨምሮ በዓለም አማካይ ኤሌክትሪክ ሲሰላ 5 ግራም ካርቦን ነው። ኤሌክትሪኩ ከማምረቻው ጎን ሲቆም ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይታያል። ያው ስልክ 5 ዓመት ቢያገለግል የመጽሐፉ ድርሻ ከ89 ወደ 53 ግራም ይወርዳል። በእኔ ግምት በዲጂታል ንባብ ከዚህ የሚበልጥ ቁጠባ የለም።

ላፕቶፕ ላይ ሥዕሉ ይቀየራል። 300 ኪሎ የሆነ ላፕቶፕ 4 ዓመት፣ በዓመት 250 ቀን፣ በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ በሰዓት 50 ግራም ይደርሰዋል። 20 ዋት ስለሚፈጅ ሌላ 9 ግራም ይጨመርበታል። ስድስት ሰዓት ንባብ 354 ግራም ነው፤ ከመጽሐፉ ወረቀት ብዙም አያንስም።

ኢ-ሪደር የሚባለው የመጽሐፍ ማንበቢያ ሌላ ጠባይ አለው። ስክሪኑ ውስጥ ነጭና ጥቁር ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ ወደ ላይና ወደ ታች ይገፋሉ፤ አንዴ ቦታቸውን ከያዙ ኃይል ሳይፈልጉ ይቆያሉ። ኃይል የሚፈጀው ገጽ ሲገለጥና መብራቱ ሲበራ ስለሆነ ስድስት ሰዓት ንባብ 1 ግራም ካርቦን እንኳ አይሞላም። ችግሩ ለንባብ ብቻ የተሠራ መሆኑ ነው፤ የማምረቻውን ካርቦን በሙሉ መጽሐፎቹ ይሸከማሉ። ለስሌት 30 ኪሎ እንበለው። በዓመት 2 መጽሐፍ የሚያነብ ሰው በ5 ዓመት 10 ያነባል፤ በመጽሐፍ 3 ኪሎ ይደርሰዋል፣ ወረቀት ይሻለው ነበር። በዓመት 25 የሚያነብ ሰው 240 ግራም ብቻ ይደርሰዋል። ከ1 ኪሎው መጽሐፍ ጋር የሚተካከለው 30ኛው መጽሐፍ ላይ ነው፤ ይህ ግን እያንዳንዱ የወረቀት መጽሐፍ አንድ ጊዜ ብቻ ተነብቦ ሲቀመጥ ነው። አራት ሰው የሚቀባበለው መጽሐፍ ከሆነ ኢ-ሪደሩን ለማካካስ 120 መጽሐፍ ያስፈልጋል። የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ከዚህም በላይ ነው።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ክርክር ይነሳል፦ «ስልኩና ላፕቶፑ ለማንኛውም ተገዝተዋል፤ ለምን ማምረቻቸው በንባብ ላይ ይጫናል?» እውነት ነው፤ መሣሪያው ለሌላ ሥራ ተገዝቶ ንባብ በትርፍ ከመጣ የሚቆጠረው ኤሌክትሪኩ ብቻ ነው፣ እሱም ከቁጥር አይገባም። ንባቡ መሣሪያውን ካስገዛ ወይም ቶሎ ካስቀየረ ግን ድርሻውን መሸከም አለበት። ለራሱ ልማድ የትኛው ስሌት እንደሚስማማ አንባቢው ያውቃል። ሁሉም ሰው ሁሉንም አገልግሎት «በትርፍ የመጣ» ካለው ግን የስልኩን 65 ኪሎ የሚሸከም አይገኝም፤ ስለዚህ እኔ በሰዓት ማካፈሉን እመርጣለሁ።

የኢንተርኔት ፋይሎች ስለሚቀመጡባቸው የኮምፒውተር ማዕከሎች፣ ስለ ዳታ ሴንተሮችም ብዙ ይባላል። የዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2024 ዳታ ሴንተሮች 415 ቴራዋት ሰዓት ያህል፣ ከዓለም ኤሌክትሪክ 1.5 ከመቶ ገደማ እንደፈጁ ገምቷል። ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ እያደገም ነው፤ ነገር ግን የጽሑፍ መጽሐፍ ከዚህ ውስጥ ድርሻው ኢምንት ነው። በመደበኛ የኢንተርኔት መስመር አንድ ጊጋባይት ማስተላለፍ እ.ኤ.አ. በ2015 0.06 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቀንሷል። በዚያው በአሮጌው ቁጥር እንኳ 1 ሜጋባይት የሆነ ኢፐብ (የኢ-መጽሐፍ ፋይል) ማውረድ ስልክ ለሁለት ደቂቃ ተኩል በርቶ የሚፈጀውን ያህል ነው።

የትኛው ጽሑፍ በየትኛው?

የዕለት ጋዜጣ ለስክሪን ያደላል። ባለ 24 ገጽ ታብሎይድ በ45 ግራም ወረቀት 65 ግራም ይመዝናል፣ ካርቦኑም ያንኑ ያህል ነው፤ ግማሽ ሰዓት በስልክ ማንበብ 8 ግራም ካርቦን ነው። አንድ ጋዜጣ ስምንት ሰው ካልተቀባበለው በቀር ስልኩ ያሸንፋል፤ በማግስቱ ደግሞ ጋዜጣው መጠቅለያ ይሆናል። ሁለት ደቂቃ ተፈልገው የሚዘጉ መዝገበ ቃላትና ማውጫዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ከብዙ ጥራዝ ውስጥ አንድ ገጽ ለማየት ሁሉንም ማተም ብክነት ነው።

የመማሪያ መጽሐፍ ግን ተቃራኒ ነው። አንድ ተማሪ 100 ሰዓት የሚያጠናውን መጽሐፍ በላፕቶፕ ቢያነበው 5.9 ኪሎ ካርቦን ይሆናል። 1 ኪሎ የሚመዝን የወረቀት መጽሐፍ 2.5 ኪሎ ካርቦን ያህል ነው፤ ለታናሹ፣ ከዚያ ለሌላው ሲተላለፍ ደግሞ እየተካፈለ ይሄዳል። በየጊዜው የሚለወጥ ትምህርት ከሆነ ግን አሮጌው እትም ተጥሎ አዲስ ስለሚታተም ሒሳቡ ወደ ስክሪን ያዘነብላል።

ከሁሉም የከፋው መካከለኛው መንገድ ነው፦ በዲጂታል ተሰራጭቶ እያንዳንዱ አንባቢ ቤቱ የሚያትመው ፒዲኤፍ። 320 ገጽ በኤ4 በአንድ ፊት ሲታተም 1.6 ኪሎ ወረቀት ነው፤ በማተሚያ ቤት የተሠራው መጽሐፍ አራት እጥፍ ማለት ነው። በሁለቱም ፊት ከታተመ 800 ግራም፣ በአንድ ፊት ሁለት ገጽ እየተደረገ በሁለቱም ፊት ከታተመ 400 ግራም። ስለዚህ ሪፖርት የሚያሰራጭ ሰው ገጹን ገና ሲነድፍ በኤ5 ቢነድፈው፣ ጥቁር መደብና ሙሉ ገጽ ፎቶ ቢተው፣ ዋናውን ጉዳይ ለብቻው በሁለት ገጽ ቢያወጣው ብዙ ወረቀት ይተርፋል።

ፋይሉ ሲዘጋጅ

በፊደላችን የተጻፈ ጽሑፍ በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት የተለመደ ሥርዓት) አንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። 60,000 ቃል ያለው መጽሐፍ ክፍተቶቹን ጨምሮ 800 ኪሎባይት አካባቢ ነው፤ ኢፐብ ራሱ ታሽጎ የሚቀመጥ ስለሆነ ጽሑፉ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ስካን የተደረገ መጽሐፍ ግን ሌላ ነው። ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ (በኢንች 300 ነጥብ) 8.7 ሚሊዮን ፒክስል ነው፤ በቀለም ስካን ተደርጎ በጄፔግ ከተቀመጠ ገጹ 1 ሜጋባይት፣ መጽሐፉ 300 ሜጋባይት ይሆናል። በ2015ቱ ቁጥር ይህን ማውረድ 18 ዋት ሰዓት ነው፤ መጽሐፉን በስልክ አንብቦ ከመጨረስ እጥፍ። ፎቶ የሌለባቸውን ገጾች በጥቁርና ነጭ ብቻ፣ ለዚያ በተዘጋጀው የጂ4 ወይም የጄቢግ2 ማመቂያ ማስቀመጥ ገጹን ወደ 50 ኪሎባይት ያወርደዋል፤ ጠቅላላው 15 ሜጋባይት ይሆናል። አንባቢው ፋይሉን አውርዶ እንዲያስቀምጥ መፍቀድም ያስፈልጋል። በተከፈተ ቁጥር ከሰርቨር እንደገና የሚመጣ መጽሐፍ ጫናውን ይደጋግማል።

ስክሪኑን ጥቁር መደብ (ዳርክ ሞድ) ላይ ማድረግ ባትሪ የሚቆጥበው እያንዳንዱ ነጥብ ለብቻው በሚበራበት ኦሌድ ስክሪን ላይ ነው፤ እዚያም ብርሃኑ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ጎላ ይላል፣ በመካከለኛ ብርሃን ጥቂት ነው። ተራ ኤልሲዲ ላይ ከጀርባ ያለው መብራት ስለማይጠፋ ምንም አይቆጥብም።

ሲያበቃ

ወረቀት አየር በማይገባው የቆሻሻ ክምር ሥር ሲበሰብስ ሚቴን ያወጣል፤ ሚቴን በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ያሞቃል። ስለዚህ አሮጌ መጽሐፍ ከቆሻሻ ጋር መቀላቀል የለበትም። ለመልሶ ማምረት የሚያስቸግረው የሽፋኑ ፕላስቲክ ላሚኔሽን፣ በአልትራቫዮሌት የደረቀ ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጥረዛው ሙጫ ነው። በሙቀት የሚቀልጠው ተራ ሙጫ ፐልፑ ውስጥ ተበጣጥሶ ይገባና ማሽኑ ላይ ይጣበቃል። የፖሊዩሬታን ሙጫ በትልልቅ ቁራጭ ስለሚወጣ በወንፊት ይያዛል፣ መጽሐፉንም የበለጠ ያጸናዋል። ከመስጠት በፊት ሽፋኑንና የጀርባውን ሙጫ በቢላ ቆርጦ መለየት ቅጠሎቹን ንጹህ ወረቀት ያደርጋቸዋል።

የኤሌክትሮኒክስ ቁጥር ያስደነግጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተፈጥሮ በሥርዓት መሰብሰቡና መልሶ መመረቱ የተመዘገበው 22.3 ከመቶ ብቻ ነው። ከቀረው ውስጥ ሜዳ ላይ የሚቃጠል አለ፤ መዳብ ለማውጣት የሽቦ ፕላስቲክ ሲነድ ዳይኦክሲን ይወጣል፣ ወርቅ ለማውጣት ሰርኪዩት በአሲድ ሲነከር አሲዱ ከእርሳስ ጋር አፈር ውስጥ ይገባል። የሚጎዱት መጽሐፉን ያላነበቡት ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ መሣሪያውን ማቆየት ይቀድማል። የሊቲየም ባትሪ እንደ ዓይነቱ ከ300 እስከ 1,000 ሙሉ ዙር ከተሞላ በኋላ አቅሙ ወደ 80 ከመቶ ይወርዳል። ከ20 እስከ 80 ከመቶ ባለው መካከል ማቆየትና ሙቀት ላይ አለመሙላት ዕድሜውን ያረዝመዋል። ሲደክም ባትሪውን ብቻ ማስቀየር ሌላ ሁለት ዓመት ይሰጣል። ስልኩ ለሌላ ሥራ ቢዘገይ እንኳ መልእክትና መተግበሪያዎች ወጥተውለት፣ የአውሮፕላን ሁነታ ላይ ተደርጎ ለንባብ ብቻ ሊያገለግል ይችላል፤ ኢፐብ ለመክፈት የዛሬ አሥር ዓመት ስልክ አቅም ይበቃል። ባትሪው ካበጠ ግን አይሞላ፣ አይበሳ፣ አይጫን፤ እንዳይነካካ ተደርጎ፣ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ፣ ኤሌክትሮኒክስ ለሚሰበስብ አካል ለብቻው ይሰጥ።